ጭቃ ያነጣው ልብስ

ወንጌላዊው ማርቆስ በደብረ ታቦር የተገለጠውን የጌታችንን አልባስ ጽዳል ለመተረክ ሲነሣ፣ ለንጽጽር የጠራው ንጉሥን ወይም ሊቀ ካህናትን ሳይሆን ተራውን ልብስ አጣቢ መሆኑን ያስተዋለ አንባቢ፣ ያ አጣቢ በምን ያነጣ ኖሯል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በእኛ አገር ቢሆን መልሱ እናቶቻችን ለጥምቀት ሸማ ያነጡበት እንዶድ ነው፤ በሮማውያን ግዛት ግን የበግ ጠጕር ልብስ የሚነጣው በአብዛኛው በአፈር ነበር።

ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒዮስ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ በ35ኛው ክፍል እንደ ዘገበው፣ ልብሱ አስቀድሞ ከሰርዲንያ ደሴት በመጣ አፈር ይታጠባል፤ ቀጥሎ በድኝ ይታጠናል፤ በዚህ ጊዜ ሐሰተኛው ቀለም ጠቍሮ ሲጋለጥ፣ እውነተኛ ቀለም ያለው ልብስ ቂሞሎስ ከምትባል የግሪክ ደሴት በሚወጣ አፈር ይፈተጋል፤ ይህም ሥርዐት ለአጣቢዎች በሕግ የተደነገገ ነበር። የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ በ79 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በቀበራት በፖምፔይ ከተማ፣ በአንድ የአጣቢዎች ቤት ዓምድ ላይ የተሳለው ሥዕል፣ ሠራተኞቹ በገንዳ ውስጥ ቆመው ልብሱን በእግራቸው ሲረግጡ እስከ ዛሬ ያሳያል። አጣቢዎቹ የሰው ሽንትንም ይጠቀሙ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቬስፓስያኖስ ቀረጥ ጣለበት (ነውር የሚባል ነገር ግምጃ ቤት ሲገባ ነውርነቱ ይረሳል)።

አፈሩ ስብን የሚያነሣው፣ ደቂቃን ቅንጣቶቹ እንደ ብራና ቅጠል ተደራርበው ስለ ተፈጠሩ፣ አንድ እፍኝ እንኳ እጅግ ሰፊ ገጽ ስላለው፣ ከጠጕሩ የተጣበቀውን ቅባት ወደ ራሱ ስቦ ከውሃው ጋር ስለሚሄድ ነው። እንግሊዞችም ለሱፍ ንግዳቸው ይህን አፈር በሱሬ አውራጃ ከናትፊልድ እየቈፈሩ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ባዕድ አገር እንዳይወጣ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ዎከር የሚለው የቤተሰብ ስማቸውም ከዚሁ የረጋጮች ሙያ የመጣ ነው።

በኋላ የፋብሪካ ሳሙና በዝቶና ረክሶ አፈሩን ከቤት ውስጥ እጥበት አስወጣው። ነገር ግን በ1914 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በተነሣው ጦርነት ጀርመን በባሕር በኩል በተዘጋች ጊዜ፣ ስብ ከማዕድ ስለ ጐደለና ከስቡ የሚገኘው ግሊሰሪንም ለፈንጂ ስለ ተፈለገ፣ መንግሥት በካርድ እየመጠነ የሚያድለው ሳሙና አብዛኛው ሸክላ አፈር ሆነ። የዘመኑ ሰዎች ይህን ምትክ አሉት፤ እኔ ግን ስሙ የተገለበጠ ይመስለኛል፤ በዕድሜ የሚቀድመው አፈሩ ነውና ምትክ መባል የሚገባው ሳሙናው በሆነ ነበር። የጀርመን የቤት እመቤቶች ይህ ሸክላማ ሳሙና አረፋ ስለ ነፈጋቸውና በገንዳው ሥር ዝቃጭ ስለ ተወላቸው ቢያማርሩም፣ የፖምፔይ አጣቢ ያን ዝቃጭ ቢያይ የሙያው መሣሪያ መሆኑን ባወቀ ነበር።