ባሕር በካሴት ላይ

ሌላው የዘፈነውን ቆርጦ፣ አዘግይቶ፣ መልሶ መላልሶ ማሰማት ጥበብ ነው ወይስ ሌብነት? ክርክሩ በግቢያችን በተነሳ ቁጥር «ሌብነት ነው!» የሚለው ወገን ድምፁ ይጎላል። እኔ ግን ከፍርዱ በፊት ታሪኩ ይሰማ ባይ ነኝ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምስክርነት የማቀርበው በ2010 በ100 ቅጂ ብቻ የወጣውን «ኤኮጃምስ ቅጽ 1» የተባለ ካሴት ነው። አዘጋጁ አሜሪቃዊው ዳንኤል ሎፓቲን ሲሆን፣ በካሴቱ ላይ የሚጠራው ግን ቸክ ፐርሰን ተብሎ ነው። አሠራሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻም። በ1980ዎቹ በሬዲዮ ሲንቆረቆር ከኖረ ዘፈን አንዲት ሐረግ ትነቀላለች፤ ፍጥነቷ ይቀነሳል፤ ያን ጊዜ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል። ከዚያ ያችው ሐረግ በገደል ማሚቶ ተጠቅልላ ትመላለሳለች። መጀመሪያ የምትሰማው ቶቶ የተባለው ጓድ በ1982 ካወጣው «አፍሪቃ» ከተሰኘ ዘፈን የተቆረጠች ናት። (ከደራሲዎቹ አንዱ ዴቪድ ፔይች ዘፈኑን ሲጽፍ አፍሪቃን በዓይኑ አላየም ነበር፤ ይህ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ እንለፈው።)

ባሕሩስ የት አለ? በስሙና በሽፋኑ ላይ። ሁለቱም የመጡት ሴጋ በ1992 ካወጣው «ኤኮ ዘ ዶልፊን» ከተባለ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ዶልፊን ከወገኖቹ ጋር ሲቦርቅ ድንገት ማዕበል ይነሳና ቤተ ዘመዱን ሁሉ ከባሕር መጦ ይወስዳል። እሱ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያን ሰፊ ሰማያዊ ውኃ እያሰሱ የጠፉትን መፈለግ ነው። ልብ በሉ፣ ሐሳቡ የአሜሪቃዊው ኤድ አኑንዚያታ ቢሆንም ጨዋታውን የሠራው ኖቮትሬድ የተባለ የሀንጋሪ ድርጅት ነበር። ሀንጋሪ ደግሞ ባሕር የላትም! እንግዲህ ባሕር በሌለው አገር የተሠራ ባሕር፣ ኋላ የስንቱ ፈረንጅ ልጅ ትዝታ ሆነ። በኛ ቅኝት ትዝታ የሄደ ሰው፣ የራቀ አገር ይጣራል። እዚህ የሚናፈቀው ግን ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ነው። ያሳዝናል። ሐሰት ነው ለማለት ግን አፌ አይደፍርም፤ ዶልፊኑን ይዞ ሲፈልግ ያመሸ ልጅ ናፍቆቱ የእውነት ነውና።

ዘዴው ከሰማይ አልወረደም። በሂዩስተን ከተማ ዲጄ ስክሩ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ እስካረፈበት እስከ 2000 ድረስ ሸክላ እያዘገየ በካሴት ያሰራጭ ነበር። ለኔ ግን የዚህ ካሴት ቅድመ አያት «የታይታኒክ መስጠም» የተባለው፣ እንግሊዛዊው ጋቪን ብራያርስ በ1969 የጀመረው ድርሰት ነው። መርከቢቱ በ1912 ስትሰጥም ሙዚቀኞቹ መጫወታቸውን አላቋረጡም ይባላል። ብራያርስ ይህን ይዞ፣ ዜማው ውኃው ውስጥ ገብቶ ቢቀጥል እንዴት ይሰማ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ከዚህ ጥያቄ ወዲህ ዘግይቶ የሚጎተት ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ጥልቅ ውኃ ነው።

መጻሕፍቱ አባትነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት በ1948 በፓሪስ የባቡር ድምፅ ቀድቶ ላቀናበረው ለፒየር ሼፈር ነው። ከሱ 4 ዓመት ቀድሞ፣ በ1944፣ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በካይሮ የሴቶችን የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ድምፁን እያስተጋባና እየለዋወጠ ሥራ ሠርቶበት ነበር። ሰውዬው ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምንለው በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም በ1963 የተመሠረተው በሱ ነው። ከመካከላችን ስንቱ ስሙን ሰምቷል?

እና «ሌብነት ነው» የምትሉ ወገኖች፣ ክሱን ከየት እንደምትጀምሩ ንገሩኝ። የቶቶዎቹ ስም በሸክላቸው ላይ ታትሟል፤ ሐረጓ ብትወሰድ የማን እንደሆነች ማንም ያውቃል። በዚያ ሽቦ ላይ የሚያዜሙትን የካይሮ ሴቶችስ ማን ብላችሁ ትጠሯቸዋላችሁ?