መያዝና መልቀቅ፤ የሞተር ብስክሌት የፊት ፍሬን ካሊፐር ታሪክና እድሳት

አንድ ሞተር ብስክሌት ከነጂው ጋር 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 116 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ አድጎ 200 ሲደርስ ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 463 ኪሎ ጁል ይወጣል። ይህን ሁሉ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ወደ ሙቀት ለውጦ ለአየር የሚያስረክበው ፍሬን ነው፤ በዚያ ቅጽበትም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ከሥራው የሚበዛውን እጅ የሚሸከመው የፊቱ ፍሬን ይሆናል። በዚህም ምክንያት የፊት ፍሬን ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመያዝ ታሪክ ሆኖ ይተረካል። ያረጀ ካሊፐር ፈትቶ ያደሰ ባለሙያ ግን የታሪኩን ሌላ ወገን ያውቃል፤ ጠረጴዛው ላይ ከሚቀርቡለት ካሊፐሮች ብዙዎቹ የተበላሹት መያዝ አቅቷቸው ሳይሆን መልቀቅ አቅቷቸው ነውና።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ በሞተር ብስክሌት ላይ የነገሠው የታምቡር ፍሬን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመንኮራኩሩ እምብርት ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ቅስት ብረቶች ወደ ውጭ እየተገፉ የታምቡሩን ውስጣዊ ግድግዳ ያሻሉ። አሠራሩ ርካሽ ነው፤ ከዝናብና ከጭቃም የተሸፈነ ነው። ይሁን እንጂ ሙቀቱ በውስጡ ስለሚታፈን፣ ታምቡሩም ሲግል እየሰፋ ከሸራው ስለሚርቅ፣ በረጅም ቁልቁለት ግርጌ ነጂው የፍሬኑን እጀታ እስከ መጨረሻው ቢስበውም ፍሬኑ እየደከመበት ይሄዳል። ዲስክ ግን በአየር ላይ የተጋለጠ ነው፤ ሲግልም የሚወፍረው ወደ ሸራው እንጂ ከሸራው ርቆ አይደለም።

ሐሳቡ ቀደምትነት አለው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1902 ነበር። ሆኖም ብረት በብረት ላይ ሲፋተግ የሚያሰማው ሲቃ ጆሮ የሚያደነቁር በመሆኑ ፈጠራው ለብዙ ዓመታት ሳይስፋፋ ቀረ። ሁለተኛው አስፈላጊ ነገር፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት የሚሠራው ፍሬን፣ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ማልኮም ሎክሂድ በ1917 የፈጠራ መብቱን ካገኘ በኋላ፣ ዱዘንበርግ የተባለው መኪና ከ1921 ጀምሮ በአራቱም ጎማዎች ላይ ይህን ፍሬን ይዞ ለገበያ ቀረበ።

ከዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ማስታወስ ይበጃል፤ ኋላ ስለ ካሊፐሩ ሆድ ዕቃ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነውና። በእጅ የሚሠራው የፍሬን ፖምፓ ፒስተን ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ የካሊፐሩ ፒስተን ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የፊታቸው ስፋት ንጽጽር አንድ ለዘጠኝ ይሆናል። በመሆኑም የእጅ ግፊት ዘጠኝ ጊዜ ተባዝቶ ከሸራው ይደርሳል። ይህ ስጦታ ግን ዋጋ አለው። የካሊፐሩ ፒስተን አንድ ሚሊ ሜትር እንዲራመድ የፖምፓው ፒስተን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር መጓዝ ይኖርበታል። ስለዚህ ሸራው ሥራውን ሲጨርስ ከዲስኩ የሚርቀው ለዓይን በማይታይ ርቀት ብቻ መሆን አለበት። ጥቂት ቢበዛ እጀታው ባዶ ሆኖ ከመያዣው ጋር ይጋጠማል፤ ፈጽሞ ባይርቅ ደግሞ ፍሬኑ ቀኑን ሙሉ ሲያሻ ይውላል።

በመኪናው ዓለም ጥያቄው የተፈታው በ1953 ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ አገር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር የደንሎፕ ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ጃጓር፣ በቶኒ ሮልትና በደንከን ሃሚልተን እጅ፣ በአማካይ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሸነፈ። በ1955 ሲትሮኤን ዲ ኤስ ዲስኩን ለተራው ገዢ አቀረበው። ሞተር ብስክሌቱ ግን ዘገየ። በ1962 የጣሊያኑ ላምብሬታ ቲቪ 175 ስኩተር ለሽያጭ ከቀረቡት ባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪዎች መካከል የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ ብቅ ያለ ቀዳሚ ሆነ። በ1965 በሚላኖ ትርኢት ላይ የታየው ባለ 600 ሲሲ ኤምቪ አጉስታም ሁለት ዲስኮች ነበሩት። ነገር ግን ሁለቱም የሚሠሩት በገመድ እንጂ በፈሳሽ ግፊት አልነበረም፤ ገመድ ይለጠጣል፣ ይፋተጋል፣ የእጅንም ኃይል በመንገድ ላይ ይበላል።

ነገሩን የለወጠው ሆንዳ ሲቢ 750 ነው። በ1968 በቶኪዮ ትርኢት ታይቶ በ1969 ለገበያ የቀረበው ይህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት 736 ሲሲ ይዞታ፣ 67 የፈረስ ጉልበትና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነበረው። በአሜሪካ ዋጋው 1,495 ዶላር ነበር። ኩባንያው ራሱ ባቆየው ታሪክ መሠረት፣ የንድፉ ኃላፊ ዮሺሮ ሐራዳ ሁለት ናሙና አዘጋጅቶ፣ አንዱን በተፈተነው ታምቡር፣ ሌላውን ገና ብዙ ሙከራ በሚቀረው ዲስክ፣ ለሶይቺሮ ሆንዳ ምርጫ አቀረበ፤ መልሱም ያለ ማመንታት ዲስክ የሚል ሆነ። ለሽያጩ ቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ለቀራቸው መሐንዲሶች ይህ ቀላል ትእዛዝ አልነበረም። 

ካሊፐሩ ሲታይ ግን የጥድፊያ ሥራ አይመስልም። ፒስተኑ አንድ ብቻ ነው፤ ካሊፐሩም ከሹካው ጋር በማጠፊያ በተያያዘ ክንድ ላይ ተቀምጧል። ፒስተኑ አንዱን ሸራ ገፍቶ ከዲስኩ ሲያገናኘው፣ የግፊቱ ምላሽ ካሊፐሩን በሙሉ ወደ ኋላ ስቦ ሁለተኛውን ሸራ ከሌላው ገጽ ያጋጥመዋል። ስለዚህ ማጠፊያው ዝጎ ከደረቀ ሸራዎቹ በእኩል መጠን አያልቁም፤ እድሳቱም ከፒስተኑ ባልተናነሰ ለዚህ ማጠፊያ ትኩረት ይሻል።

አሁን ወደ መልቀቁ እንምጣ። በታምቡር ፍሬን ውስጥ ሸራዎቹን የሚመልስ ጠንካራ ሞላ አለ። በካሊፐር ውስጥ ግን ፒስተኑን የሚመልስ ሞላ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ይህን ሥራ የሚሠራው በጋራዥ ቋንቋ ጎሚኒ የሚባለው፣ ቁመናው አራት ማዕዘን የሆነ የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ በካሊፐሩ ውስጥ በተቆረጠ ቦይ ተቀምጦ ፒስተኑን አጥብቆ ያቅፋል። ግፊት ሲመጣ ፒስተኑ ይራመዳል፤ ቀለበቱም ሳይለቀው አብሮ ይጎብጣል። ግፊቱ ሲቆም ቀለበቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። ሸራው እያለቀ በሄደ መጠን ደግሞ ፒስተኑ በቀለበቱ ውስጥ ሸርተት ብሎ አዲስ ቦታ ይይዛል። ፈሳሹን ማገድ፣ ፒስተኑን መመለስና የሸራውን ማለቅ ማካካስ፣ ሦስቱም በአንዲት ርካሽ ቀለበት ላይ የተጣሉ ናቸው። በዲስክ ፍሬን ታሪክ ውስጥ ከዲስኩ ይልቅ ይህች ቀለበት ልትደነቅ ይገባት ነበር።

የጠላቷ ስም ውሃ ነው። በታምቡር ዘመን ያልታሰበው ውሃ በመጀመሪያ ከውጭ መጣ። በ1970ዎቹ ዝናብ ላይ የሚነዱ ሰዎች እጀታውን ስበው ለአፍታ ምንም አለመያዙን፣ ከዚያም በድንገት መያዙን አስተዋሉ። በማይዝገው የጃፓን ዲስክና በሸራው መካከል የውሃ ሽፋን እየገባ ነበር። ከ1972 ጀምሮ ዲስክ የተገጠመለት የእንግሊዙ ኖርተን ኮማንዶ ደግሞ ዲስኩ ጊዛ ሆኖ ክሮም የተቀባ በመሆኑ፣ ብዙ ባለቤቶች ውበቱን ትተው ክሮሙን አስጠርበውታል። በአሜሪካ ከጥር 1 ቀን 1974 ጀምሮ የጸናው የሞተር ብስክሌት ፍሬን ደንብ፣ ፍሬን ውሃ ውስጥ ከተነከረ በኋላ ኃይሉን ምን ያህል እንደሚመልስ የሚፈትን ክፍል ነበረው። መፍትሔውም ዲስኩን በመብሳትና ከብረት ብናኝ ተጋግሮ የተሠራ ሸራ በመጠቀም፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ እየተሟላ ሄደ።

ከውስጥ የሚመጣው ውሃ ግን የሚታይ አይደለም። የፍሬኑ ፈሳሽ በአማርኛ የፍሬን ዘይት መባሉ ሥራውን አልጠቀመውም፤ ዘይት አይደለምና። ከግላይኮል ወገን የሆነው ይህ ፈሳሽ በጎማው ቱቦና በማጠራቀሚያው በኩል ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ደረጃ አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። በዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ፈሳሹ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ እጀታው ባዶ ይቀራል።

ለዓመታት በቆመ ሞተር ብስክሌት ላይ ይኸው ውሃ ሌላ ሥራ ይሠራል። የፒስተኑን ክሮም በጥቃቅን ስንጥቆቹ ገብቶ ከሥሩ ያዝገዋል፤ ክሮሙም እየተፈነቀለ ቀለበቱን የሚቀድ ሻካራ ገጽ ይሆናል። በአሉሚኒየሙ ቦይ ውስጥ ደግሞ እንደ ኖራ የነጣ ዱቄት ይከማቻል። ዱቄቱ ከቀለበቱ ጀርባ ሆኖ ወደ ፒስተኑ ስለሚገፋው ቀለበቱ የሚጎብጥበት ቦታ ያጣል፤ ፒስተኑም አይመለስም። አዲስ ቀለበት ገዝቶ ቦይውን ሳያጸዳ የገጠመ ሰው ብሩን ከስሮ ያው ፍሬን ይመለስበታል። ይህ በእድሳት ሥራ ከሁሉ የበዛው ስሕተት ነው።

እድሳቱ የሚጀምረው ቱቦው ሳይፈታ ነው። የተጣበቀውን ፒስተን ለማውጣት ከሁሉ የሚሻለው የራሱ ፖምፓ ነው፤ ፈሳሽ አይጨመቅምና ፒስተኑ ቀስ ብሎ ይወጣል። ብዙዎች የሚቸኩሉበት የኮምፕሬሰር አየር አደገኛ ነው። በ7 ባር ግፊት 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ፒስተን ላይ የሚያርፈው ኃይል 970 ኒውተን፣ ማለትም የ100 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ነው፤ በድንገት ሲለቅ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ጣት ይሰብራል። አሮጌው የሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር መንፋት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ክፍሎቹ በቤንዚን፣ በነጭ ጋዝ ወይም በሞተር ዘይት አይነኩም፤ የነዳጅ ዘር ለግላይኮል የተሠራውን ጎማ ያሳብጠዋል። ቦይው በለስላሳ የነሐስ ብሩሽ ይጸዳል እንጂ አሉሚኒየሙ አይፋቅም፤ ልኩ ከሰፋ ካሊፐሩ የሚጣል ነው።

የታሪክ ወዳዶችን የሚያከራክረው ፒስተኑ ነው። በፋብሪካ የተገጠመው ክሮም የተቀባ ብረት ነበር፤ ዛሬ ከማይዝግ ብረት በትክክለኛው ልክ የተቀረጸ ምትክ ይገኛል። የመጀመሪያው ክፍል ይቆይ የሚለው ክርክር ለነዳጅ ጋኑ ቀለም፣ ለመብራቱና ለኮርቻው ተገቢ ነው። ከሙዚየም ወለል ላልወጣ ሞተር ብስክሌትም ይሠራል። መንገድ ላይ ለሚወጣ ግን ዝገት የጀመረውን ፒስተን ለታሪክ ሲባል መልሶ መግጠም ነጂውን ለማያውቀው አደጋ መስጠት ነው፤ ማንም ሰው ፒስተኑን ከውጭ ቆሞ አያየውም።

ከገጠማው በኋላ አዲስ ፈሳሽ ተሞልቶ አየሩ እስኪያልቅ ድረስ ይወጣል፤ ቀለም ላይ የፈሰሰ ጠብታ ቀለሙን ስለሚልጥ ወዲያው በውሃ ይታጠባል። ከዚያ ፈተናው ይከተላል። የፊቱ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ እጀታው በኃይል ይሳባል፤ ጎማው መቆለፍ አለበት። እጀታው ተለቆ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ደግሞ ከሸራው የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ጥቂት ጊዜ በነጻነት መዞር አለበት። ከብዶ ከቆመ ካሊፐሩ እንደገና ይፈታል፤ መጀመሪያ የሚመረመረውም ከቀለበቱ ጀርባ ያለው ቦይ ነው።