የኔታና የሕፃናቱ ወላጆች

የኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ስለ ዜማ ቤት፣ ስለ ቅኔ ቤትና ስለ መጻሕፍት ቤት በሰፊው ይነገራል። ሕፃኑ ገና በለጋ ዕድሜው የሚገባበት የንባብ ቤት ግን በጥቂት ቃል ታልፎ ይቀራል። ይሁን እንጂ ወላጅና አስተማሪ በኑሮ መበላለጣቸው ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በዚሁ ስፍራ ነው።

አስተማሪው «የኔታ» ይባላል፤ ቃሉ «የኔ ጌታ» ከማለት ያጠረ ነው። ጌታ የተባለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድኻ ነበር። ከደብሩ የሰሞን መሬት ድርሻ ያላገኘ እንደ ሆነ፣ የሚኖረው ወላጆች በሚሰፍሩለት እህል ነው፤ ሕፃናቱም እንጨት ይለቅሙለታል፣ ውሃ ይቀዱለታል። ልጁ ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ፣ ፊደለ ሐዋርያንና ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ሲደግም ድግስ ይደገሳል፤ ለመምህሩም እንደ አቅም ልብስ ወይም በግ ይሰጣል። ይህ «እንደ አቅም» የተባለው ነገር ቀላል አልነበረም፤ የድኻው አባት ባዶ እጁን መቅረቡን ጎረቤት ሁሉ ያይበታልና።

ባላገሩ ልጁን ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይል ነበር። ይህን አነጋገር ሰዎች የአለንጋ ፍቅር አድርገው ይተረጉሙታል፤ ትርጓሜው ግን አጥጋቢ አይደለም። የሚሰጠው ብዙ ሀብት የሌለው አባት በልጁ ላይ ያለውን ሥልጣን መስጠቱ ነበር።

መኳንንቱ ግን ልጃቸውን ወደ መምህሩ አይልኩም፤ መምህሩን ወደ ግቢያቸው ያስመጣሉ እንጂ። እንጀራውን ከጌታው ማዕድ የሚቆርስ መምህር የጌታውን ልጅ ለመግረፍ እጁ ይከብደዋል። ራስ መኰንን በሐረር ለልጃቸው ለተፈሪ አባ ሳሙኤልን አስተማሪ አድርገው ነበር። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ በደረሰ የታንኳ አደጋ ሞቱ፤ በዚያው አደጋ ተማሪያቸው ተረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው መምህራቸውን በፍቅር አንሥተዋቸዋል። እንግዲህ ከእንዲህ ያለው ቤት እውነተኛ ፍቅር ሊወጣ ይችል ነበር። የባላገሩን ልጆች ያስነበቡት የኔታዎች ስም ግን በመጽሐፍ አልተጻፈም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መዋዕለ ሕፃናት በከተሞች ተስፋፉ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህም በክፍያ የሚያስተምሩ የግል ተቋማት በዙ። የቄስ ትምህርት ቤት ዛሬም አልጠፋም፤ ነገር ግን በከተማ የሕፃናት አስተማሪ ሲባል በአሳብ የሚመጣው ቄስ ሳይሆን ወጣት ሴት ናት። የብዙዎቹ አስተማሪዎች ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ውድ በሆነው ተቋም የምታስተምረውም የራሷን ልጅ በዚያ ልታስገባ አትችልም። ባለጠጋው ወላጅ በመኪና መጥቶ ልጁን ሲረከብ ልብሱ ስለ ምን እንደ ቆሸሸ «አንቺ» ብሎ ይጠይቃታል፤ እርስዋም «እርስዎ» እያለች ትመልስለታለች።