«ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ «ስንተኛ ጀነሬሽን?» በሉ፦ ለጌም የሚሆን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር አመራረጥ

ሰሞኑን ከጀሞ ሁለት ጓደኛሞች በውስጥ መስመር ጻፉልን። ኮንዶሚኒየም ስር ጌም ቤት ለመክፈት አስበው፣ እቁብ ሲወጣላቸው ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ገዙ። ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን ነው ወንድሜ፣ የማይከፍተው ጌም የለም» ብሏቸዋል። ኮር አይ ሰቨን መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ አይ7-2600 መሆኑ ነው፤ እ.ኤ.አ በ2011 የወጣ። ኤፍሲ 24ን ጭነው ሁለት ሳምንት ታገሉና ተዉት። አሁን ደንበኛ የሚያስተናግዱት በድሮ ፒኢኤስ ብቻ ነው፤ የእቁቡን ቀሪ የሚከፍሉትም ከዚያው ገቢ ነው።

ከለቡ፣ ከጎፋ፣ ከመካኒሳና ከሃና ማርያምም ተመሳሳይ ጥያቄ ሲደርሰን ስለቆየ ይህን አዘጋጅተናል። ሴቭ አድርጉት፣ ሱቅ ስትሄዱ ታወጡታላችሁ።

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ጌም ላይ ምን እንደሚሰራ እንይ። የኳስ ጌም እንውሰድ። 22ቱ ተጫዋቾች ወዴት እንደሚሮጡ፣ ኳሷ ነጥራ የት እንደምታርፍ፣ ዳኛው ፋውል ይንፋ አይንፋ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። ሳሩን፣ ማሊያውን፣ የስታዲየሙን መብራት የሚስለው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ነው። በሰከንድ 60 ምስል እንዲታያችሁ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ፕሮሰሰሩ ከዘገየ ካርዱ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጌም መሃል ላይ ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ታዲያ ፍጥነቱን የሚወስነው የኮር ብዛት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ኮር ብቻውን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነና ካሽ የሚባለው ማስታወሻ ምን ያህል እንደሆነ ይወስናሉ። ካሽ የባለሱቁ መደርደሪያ ማለት ነው፣ ራም ደግሞ መጋዘኑ። ደንበኛ የጠየቀው እቃ መደርደሪያው ላይ ካለ ወዲያው ይሰጠዋል፤ ከሌለ መጋዘን ድረስ ሊሮጥ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በኢንቴል ፕሮሰሰር ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች በፊት ያለው ጀነሬሽኑ ነው። አይ5-3470 ሦስተኛ፣ አይ5-8500 ስምንተኛ፣ አይ5-10400 አስረኛ። ይሄን ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለው ደረጃ የሚያገለግለው በአንድ ጀነሬሽን ውስጥ ያሉትን ለማወዳደር ነው። ጀነሬሽን ሲለያይ ይገለባበጣል። በ2020 የወጣው አይ3-10100 ልክ እንደ አይ7-6700 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም 4.3 ጊጋኸርዝ ነው፤ የአይ7-6700 4.0 ነው። በ2022 የወጣው አይ3-12100 ደግሞ የጀሞዎቹን ልጆች አይ7-2600 በሰፊ ልዩነት ጥሎት ይሄዳል። «አይ3 ነው» ብላችሁ አትናቁ።

ከተማችን ውስጥ በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ናቸው። የእነሱን ስም ካወቃችሁ ሳጥኑን አይታችሁ ብቻ ጀነሬሽኑን መገመት ትችላላችሁ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሦስተኛ፣ 9020 አራተኛ፣ 7040 ስድስተኛ፣ 7050 ብዙውን ጊዜ ሰባተኛ፣ 7060 ስምንተኛ ጀነሬሽን ይዘው ነው የወጡት። (ዴል በ2023 ለአዲስ ምርት 7010 የሚለውን ስም ደግሞ ተጠቅሞበታል፤ መልኩ ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።) በኤችፒ በኩል ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 አራተኛ፣ ጂ2 ስድስተኛ፣ ጂ4 ስምንተኛ ነው። ግን ውስጡ ሊቀየር ስለሚችል የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሳጥኑ አይደለም፤ እሱን በኋላ እናያለን።

የትኛው ለምን ይሆናል? የጌም ሰሪዎቹን መስፈርት እንመልከት። ጂቲኤ 5 በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ ተመራጭ ብሎ የጠቀሰው አይ5-3470ን ነው። ፒኢኤስ 2021 ዝቅተኛ ያለው ይህንኑ አይ5-3470፣ ተመራጭ ያለው አይ7-3770ን ነው። ስለዚህ እነዚህን ብቻ ለመጫወት ሦስተኛ ጀነሬሽን ላይ ጥሩ ካርድ ጨምራችሁ መጫወት ትችላላችሁ፣ ብር አታባክኑ። ኤፍሲ 24 ላይ ግን ዝቅተኛው አይ5-6600ኬ ወይም ራይዘን 5 1600 ሆነ፣ ተመራጩ አይ7-6700 ወይም ራይዘን 7 2700ኤክስ። እዚህ ጋ ነው አሮጌዎቹ የሚቀሩት።

ለእኛ መስመሩ ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ ከዚያ በፊት የነበሩት የተለመዱ አይ5ዎች አራት ኮር ብቻ ሲኖራቸው አይ5-8500 ስድስት አለው። ሁለተኛ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ፣ ከራይዘን ደግሞ በአብዛኛው ከ2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉትን ነው። በጎን አስገድዶ መጫን ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ግን ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪውር ቡት ካልበራ አያስገባችሁም።

«ስድስተኛውን ልግዛና በኋላ ስምንተኛ ፕሮሰሰር እቀይርበታለሁ» የምትሉም አላችሁ። አይሆንም። ሶኬቱ ተመሳሳይ ቢመስልም የስድስተኛው ማዘርቦርድ ስምንተኛውን አይቀበልም።

ከቁጥሩ ኋላ የምትለጠፈውን ፊደልም እዩ። ቲ የምትለዋ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ማለት ናት፤ አይ5-6500 መነሻ ፍጥነቱ 3.2 ጊጋኸርዝ ሲሆን አይ5-6500ቲ 2.5 ነው። እነዚያ መጽሐፍ የሚያካክሉ ሚኒ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ቲ ናቸው፣ የተለመደ ግራፊክስ ካርድ መጨመሪያ ቦታም የላቸውም። ለቢሮ ቆንጆ ናቸው፣ ለጌም እንዳትሸወዱ። ኤፍ ያለበት ደግሞ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ካርድ ካልጨመራችሁ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም።

ካርድ የመግዛት አቅም ለጊዜው ለሌለው ሰው ኤኤምዲ ይሻላል። ራይዘን 5 5600ጂ ስድስት ኮር አለው፣ ውስጡ ያለው ግራፊክስም ከእነዚህ የቢሮ ኢንቴሎች በጣም የተሻለ ነው። ግን ራሙን ሁለት አድርጋችሁ ግዙ፤ አንድ ባለ 16 ከምትሰኩ ሁለት ባለ 8። ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ በአንድ ራም ፍጥነቱ በደንብ ይወርዳል። በኋላ ካርድ እንደምትገዙ እርግጠኛ ከሆናችሁ ግን ተራው 5600 ይሻላል፦ ካሹ 32 ሜጋባይት ነው፣ የ5600ጂ ግን 16።

ለጌም ቀዳሚ የሚባሉት መጨረሻቸው ላይ ኤክስ3ዲ ያላቸው ራይዘኖች ናቸው። 5800ኤክስ3ዲ፣ 5700ኤክስ3ዲ፣ 7800ኤክስ3ዲ፣ 9800ኤክስ3ዲ፤ ሁሉም 96 ሜጋባይት ካሽ አላቸው፣ መደርደሪያው ሰፋ ማለት ነው። ዋጋው ግን ሌላ ወሬ ነው። 7800ኤክስ3ዲ በ2023 ሲወጣ 449 ዶላር ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር በነበረበት ጊዜ 25 ሺህ 600 ብር አካባቢ ይሆናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በኋላ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ያው እቃ ያለ ቀረጥና ያለ ነጋዴ ትርፍ 44 ሺህ 900 ሊሆን ነው። መካከለኛ ካርድ ይዛችሁ ይሄን መግዛት ደግሞ ትርፉ ወጪ ብቻ ነው። ይልቅ ኤኤም4 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 3600 ወይም 5600 አስገቡ፤ ብር ሲገኝ ባዮስ አፕዴት አድርጋችሁ 5700ኤክስ3ዲ መቀየር ትችላላችሁ።

የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽን ከፍተኛ ፕሮሰሰሮችን ያገለገሉ ሆነው ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። በቮልቴጅ ችግር እየተበላሹ መሆኑን ኢንቴል ራሱ በ2024 አምኖ በባዮስ የሚጫን ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው ቀድሞ የተጎዳውን አያድንም።

ሳጥኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቀጭኑ ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚቀበለው አጭር ካርድ ብቻ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩም 240 ዋት ነው። ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ 75 ዋት አካባቢ የሚወስድ አጭር ጂቲኤክስ 1650 ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ፣ እሱም ከረጅሙ ይወደዳል። ስለዚህ አንድ አይነት ፕሮሰሰር በሁለት ሳጥን ካገኛችሁ ትልቁን ታወር ውሰዱ። መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር ዩፒኤስም በሂሳቡ ውስጥ አስገቡ። ኦንላይን ስትጫወቱ ፒንግ ከፍ የሚለው ግን የፕሮሰሰር ጉዳይ አይደለም፤ ሰርቨሩ ያለው ውጭ አገር ነው፣ 9800ኤክስ3ዲም አያመጣላችሁም።

ሱቅ ገብታችሁ ስቲከሩን አትመኑ፣ ስቲከር ይለጠፋል ይነሳል። ኮምፒውተሩን አስከፍቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩ ስትነኩ ሙሉ ስሙ ከላይ በስተቀኝ ይታያል። እሱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ራሙ ስንት ላይ እንደተሰካም እዚያው ሜሞሪ የሚለው ውስጥ ታያላችሁ። ከተቻለ የምትጫወቱትን ጌም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሃያ ደቂቃ አጫውቱት፤ ሙቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። «አሁን መብራት የለም፣ ቤት ወስደህ ሞክረው» ካላችሁ፣ መብራት ሲመጣ ተመለሱ። ብሩን በቴሌብር የምትልኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ደረሰኙ ላይም «ኮር አይ ሰቨን» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፣ ሙሉ ቁጥሩን አስጽፉ።