የዘገየው ትራም፦ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ዘመን እስከ ቀላል ባቡር

በአፍሪካ ቀዳሚ የሆነው የእስክንድርያ የከተማ ባቡር በ1855 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ካይሮ በ1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት፣ የራሷን የኤሌክትሪክ ትራም አስመረቀች። አዲስ አበባ ግን እስከ 2008 ዓ.ም. ጠብቃለች። ይህን መዘግየት «የሥልጣኔው ወሬ ሳይደርሰን ቀርቶ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የዘመኑ ሰዎች ታሪክ ግን እንዲህ እንድንል አይፈቅድም።

ለዚህ አንዱ ምስክር የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉት ኅሩይ፣ በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉን ተከትለው ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ለንደን ገቡ። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው ጋር ወደ አሜሪካ ተላኩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅንና አውሮፓን ሲጎበኙ ከተጓዦቹ አንዱ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን ደርሰው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አስነበቡ። ለንደን፣ ኒው ዮርክ፣ ካይሮ፣ ፓሪስና ቶኪዮ ያን ጊዜ ሕዝባቸውን በትራም የሚያመላልሱ ከተሞች ነበሩ። እኒሁ ሰው በ1909 ዓ.ም. ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል። የከተማዋ ሹም ትራም ያላቸውን ከተሞች በዓይናቸው ያዩ ሰው ከነበሩ፣ ምክንያቱ አለማወቅ ሊሆን አይችልም።

ምክንያቱን ከገንዘቡ በኩል መፈለግ ይሻላል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ ዓላማው አገሪቱን ከባሕር ማገናኘት ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ። ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ገንዘብ አለቀበት፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባለ ካፒታሎች ተሻኮቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የአገራቸው ሉዓላዊነት እንዳይነካ ሠግተው ሥራውን አገዱ። በ1900 ዓ.ም. ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትሩን ለመዘርጋት ሃያ ዓመት ፈጅቷል። አንዱን የንግድ መስመር በውጭ ካፒታል፣ ያውም በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ የጨረሰች አገር፣ በከተማ ውስጥ ለሚዘረጋ ሐዲድ የሚተርፍ አቅም አልነበራትም።

የከተማዋ አሰፋፈርም ለትራም አይመችም ነበር። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ በተበታተኑ ሰፈሮች ነው። በሰፈሮቹ መካከል ሸለቆና ወንዝ ነበር፤ መጓጓዣውም በቅሎና እግር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያስመጣውን የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ይለው ነበር፤ ሐዲድ ግን አልነበረውም። የጣሊያን ወራሪ ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት ከጣሊያን በቀሩ መኪኖች ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በጎማ መሄድን መረጠች።

ሐዲዱ የመጣው በብድር ነው። የቀላል ባቡሩ ግንባታ በ2004 ዓ.ም. በቻይናው የምድር ባቡር ኩባንያ ተጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው የሰሜን ደቡብ መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር በጥቅምት ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች 39 ጣቢያዎች አሏቸው፤ ከልደታ እስከ ስታዲየም ያሉት አምስቱ የጋራ ናቸው።

በሰሜን ደቡቡ መስመር የሚሳፈር ሰው ከተማዋን በታሪኳ ቅደም ተከተል ያገኛታል። መነሻው አራዳ፣ የቀድሞው የገበያ እምብርት ነው፤ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የምኒልክ ሐውልትና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ናቸው። ባቡሩ ከዚያ በዋሻ ወደ አትክልት ተራ ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች የረሸኗቸው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለዚህ ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ቀጥሎ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራና ሰባተኛ ይመጣሉ፤ ይህ ጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ሲያዛውሩ የሰፋው መርካቶ ነው። በሜክሲኮ በኩል ለገሃር ሲደረስ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የምድር ባቡር ጣቢያ ይታያል። ከስታዲየም በኋላ ላንቻና ሳሪስ አልፎ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ይህ አዲስ አበባ ወደ ፋብሪካና ወደ መጋዘን የዘለቀችበት አቅጣጫ ነው። የምኒልክ፣ የጣሊያንና የኢንዱስትሪው ዘመን ከተማ በአንድ ቲኬት ይታያሉ።

ለገሃር ላይ አሮጌውና አዲሱ ሐዲድ ተቀራርበው መታየታቸው ለታሪክ አጥኚ ቁም ነገር አለው። ሁለቱም በውጭ ገንዘብ ተሠሩ፤ ሁለቱንም የፈተናቸው ከምረቃው በኋላ የመጣው ጥገና ነው። የጅቡቲው አሮጌ መስመር በእርጅናና በጥገና ጉድለት ተዳክሞ አገልግሎቱ ተቋረጠ። 41 ባቡር ይዞ የተነሣው ቀላል ባቡርም በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹን ከሥራ አውጥቷል። አዲስ አበባ ትራም ያጣችው ሰዎቿ ስላላዩት አልነበረም፤ አሁንም ብታጣው ምክንያቱ አለማወቅ አይሆንም። ለመለዋወጫ በጀት አለመያዝ ይሆናል።