ድምፃዊቷና አቀናባሪዎቿ፦ ስለ ከለላ ሚዛነክርስቶስ የመጀመሪያ አልበም

ድምፁ በአብዛኛው በሲንተሳይዘርና በኮምፒውተር በሚፈጠረው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውስጥ የሴት ድምፃውያን ድርሻ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በታች ይገመታል። ፕሮዲውሰር የሚባለው፣ በአገራችን የሙዚቃ ሙያ ለአቀናባሪ የሚቀርበው ባለሙያ፣ የሥራው ባለቤት ተደርጎ ሲወሰድ ዘፋኟ ግን ተሠርቶ ባለቀ ቅንብር ላይ ድምጿን እንዳኖረች ብቻ ትቆጠራለች። አይስላንዳዊቷ ድምፃዊት ቢዮርክ ራሷ ያቀናበረቻቸው ሥራዎች ለወንድ የሥራ ባልደረቦቿ እየተሰጡ መጻፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2015 በአደባባይ የተቃወመችው በዚህ ምክንያት ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አሜሪካዊት የዘፈን ደራሲና ድምፃዊት ከለላ ሚዛነክርስቶስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 በእንግሊዙ ዋርፕ ሬከርድስ በኩል ያወጣችው «ቴክ ሚ አፓርት» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበም ይህን ልማድ ለመመርመር እጅግ የተመቸ ነው፤ በርካታ አቀናባሪዎች የተሳተፉበት ሆኖ ሳለ፣ አሥራ አራቱም ዘፈኖች ከአንድ ሰው ሐሳብ የፈለቁ መሆናቸው በጉልህ ይሰማልና።

ከለላ እ.ኤ.አ. በ1983 በዋሽንግተን ዲሲ ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ተወልዳ በሜሪላንድ ግዛት በጌተርስበርግ አደገች። በትምህርት ቤት ቫዮሊን ተማረች፣ በወጣትነቷ በካፌዎች የታወቁ የጃዝ ዜማዎችን ዘፈነች፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረች። የመጀመሪያ አልበሟ ለአድማጭ ሲደርስ ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ መጠቀስ ያለበት፣ በሥራው ውስጥ የሚሰማው ስክነት በድንገት የተገኘ ሳይሆን በረጅም ልምምድ የበሰለ በመሆኑ ነው።

የዚያ ልምምድ ዋና መድረክ እ.ኤ.አ. በ2013 በነፃ ያሠራጨችው «ከት ፎር ሚ» የተባለ ሚክስቴፕ ነበር። ሚክስቴፕ ማለት ከመደበኛ አልበም ቀለል ባለ መንገድ ተዘጋጅቶ ለሕዝብ የሚለቀቅ የዘፈኖች ስብስብ ነው። በሥራው የተሳተፉት፣ የሎስ አንጀለሱ ፌድ ቱ ማይንድና የለንደኑ ናይት ስላግስ ከሚባሉ እኅትማማች አሳታሚዎች ዙሪያ የተሰባሰቡት አቀናባሪዎች፣ ለጭፈራ ቤት የሚሆን ጠንካራና ባዶ ቦታ የበዛበት ምት ይሠሩ ነበር፤ ከመነሻዎቻቸውም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በለንደን የተወለደውና በደቂቃ ወደ 140 ምት የሚሄደው ግራይም የተሰኘ ስልት ነው። እንዲህ ያለው ፍጥነት ለዝግተኛ የፍቅር ዜማ የማይመች ቢመስልም፣ ዘፋኝ ምቱን በግማሽ፣ ማለትም በደቂቃ 70 አድርጋ ብትቆጥረው፣ ከበታቿ ከበሮው እየተጣደፈ እርሷ ግን ስንኟን ሳትቸኩል ልታስረዝም ትችላለች። ከለላ የአሜሪካ ጥቁሮችን የአር ኤንድ ቢ አዘፋፈን ከዚህ ባዕድ ከሚመስል ምት ጋር ያዋሐደችበት ብልሃት በዋናነት ይህ የጊዜ አቆጣጠር ነው ማለት ይቻላል፤ በአቀናባሪ ሳይሆን በዘፋኝ ጆሮ የተገኘ መፍትሔ መሆኑም ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ባለ ስድስት ዘፈን «ሃሉሲኖጀን» አንድን የፍቅር ታሪክ ከመለያየቱ ጀምሮ ወደ ትውውቁ ወደ ኋላ የሚተርክ ሲሆን፣ «ቴክ ሚ አፓርት» ያንን የትረካ ፍላጎት ይበልጥ ያሰፋዋል። ዋነኛው የሥራ ተባባሪ እንግሊዛዊው ጃም ሲቲ ነው፤ የቬኔዝዌላዋ አርካ፣ አሜሪካዊው አሪየል ሬክትሻይድና የ«ዘ ኤክስ ኤክስ» ባንድ አባል ሮሚ ማድሊ ክሮፍትም እጃቸው አለበት። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው ባለሙያዎች ሆነው ሳለ አልበሙ እንዳይበታተን የሚይዘው፣ የከለላ ድምፅ በቅንብሩ ውስጥ የተሰጠው ቦታ ነው። ድምጿ በተደጋጋሚ ተቀድቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ አንዳንዴ የተቀባይ፣ አንዳንዴም የሲንተሳይዘር ሥራ ይሠራል፤ ከሥር ጥልቅ ባስ፣ ከላይ እንደ ደመና የተዘረጋ ኅብረ ድምፅ፣ በመካከላቸውም ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለ። በዚህ አደራረብ ውስጥ ዜማው የት አብቅቶ ቅንብሩ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። በአገራችን የካሴትና የሲዲ ሽፋኖች ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ለየብቻ ተጠቅሰው እያንዳንዳቸው ባለቤት እንደሚሰጣቸው ለለመደ አንባቢ፣ ይህ መቀላቀል የአልበሙ ዋነኛ አዲስነት ሆኖ ሊታየው ይገባል።

የአልበሙ ድፍረት በቅንብሩ ብቻ ሳይወሰን በግጥሞቹም ይታያል። በመክፈቻው «ፍሮንትላይን» ላይ የምትናገረው ሴት ያበቃለትን ግንኙነት በራሷ ውሳኔ ትታ ትሄዳለች፤ በ«ኤል ኤም ኬ» ደግሞ የምትፈልገውን ሳትሸፍን፣ ቃል ኪዳን ሳትጠይቅና ሳትሰጥ ታስታውቃለች። ሐዘኗም ሆነ ፍላጎቷ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ተደርጎ አልቀረበም። ሐያስያን ደጋግመው ያነሱት የአሜሪካዊቷ ድምፃዊት የጃኔት ጃክሰን ተፅዕኖ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከለላ በለሆሳስ የሚዘፈነውን የቅርበት አዘፋፈን ከእርሷ ብትወርስም፣ ያኖረችው ይበልጥ ቀዝቃዛና ሰፊ በሆነ የድምፅ ዓለም ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ በዚህ ሥራ ውስጥ የትዝታን ወይም የአንቺሆዬን ቅኝት ለመፈለግ መቸኮሉ የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ፍለጋው የተሳሳተ ነው። የአልበሙ ዜማ የምዕራቡን የሙዚቃ ስኬል የተከተለ ሲሆን፣ የከለላም የሙዚቃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ አር ኤንድ ቢ፣ ጃዝና የለንደን ጭፈራ ቤት ነው። ዝምድና መፈለግ ካስፈለገ ከቅኝት ይልቅ በቦታና በሙያ ሁኔታ ላይ ማተኮር ይሻላል። ኢትዮጵያዊው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዚያው በዋሽንግተን አካባቢ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን የቀዳው ካሴት፣ ስደተኛ ሙዚቀኛ ሙሉ ባንድ ባላገኘበት ከተማ ማሽን ምን ያህል ነፃነት እንደሚሰጥ አሳይቷል፤ ያ ሥራ ለዓለም ዳግም የታተመውም «ከት ፎር ሚ» በወጣበት እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። ሁለቱ ተፅዕኖ የተቀባበሉ አይደሉም፤ ቢሆንም የኢትዮጵያውያን የስደት ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ የአባቶቹን ናፍቆት ብቻ መዝግቦ፣ በእንግሊዝኛ የሚዘፍኑትን ልጆች መተው ታሪኩን ያጎድለዋል።

የድምፃዊቷን ደራሲነት ለሚጠራጠር ሰው ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የተገኘው ከአልበሙ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌሎች አቀናባሪዎች ዘፈኖቹን ፈትተው እንደገና በሠሩበት የሪሚክስ ስብስብ ውስጥ ምቱና ፍጥነቱ ሲለዋወጥ የዜማው ማንነት አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው፣ በኒውዮርኩ ብሉ ኖት የጃዝ ክበብ በመድረክ የተቀዳው «ኢን ዘ ብሉ ላይት» ደግሞ ከ«ቴክ ሚ አፓርት» የተወሰዱ ዘፈኖችን ከጭፈራ ቤቱ ምት አላቅቆ በእጅ በሚጫወቱ መሣሪያዎች ያቀርባል። ዘፈኖቹ በዚያም ቆመዋል። በመድረኩ ላይ የማይገኘው በስቱዲዮ የተደራረበው የራሷ ድምፅና በእርሱና በባሱ መካከል የተተወው ክፍተት ነው፤ ያም ከለላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዜማው ባልተናነሰ ጥንቃቄ የደረሰችው ክፍል ነበር።