ሲንቄ፦ ወደ ሴቶች እህትማማችነት እንዴት ይገባል?

ሲንቄ በኦሮሞ ባህል እናት ለምትዳር ልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት ቀጭንና ቀጥ ያለ በትር ነው። ብዙ ጊዜ ሐሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ይቆረጣል። በትሩን የተቀበለች ሴት ከዚያች ዕለት ጀምሮ ብቻዋን አይደለችም፤ በምትኖርበት አካባቢ ካሉ ባለሲንቄ ሴቶች ሁሉ ጋር እህት ትሆናለች። ስለዚህ ሲንቄ ሲባል በእጅ የሚያዘውን በትር ብቻ ሳይሆን፣ በእርሱ ዙሪያ የተደራጀውን የሴቶች የእህትማማችነት ሥርዓትም ያመለክታል።

ሥርዓቱ የገዳ አካል ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት በመዘገበው የገዳ ሥርዓት ውስጥ የሥልጣን እርከኖቹ የወንዶች ናቸው። ሴቶች በገዳ ሥልጣን ላይ ባይቀመጡም፣ የወንዶችን ኃይል የሚገታና መብታቸውን የሚያስከብር የራሳቸው መሣሪያ ተሰጥቷቸዋል፤ እርሱም ሲንቄ ነው።

መግቢያው ጋብቻ ነው

ወደ ሲንቄ ለመግባት ማመልከቻ አይቀርብም፤ መዋጮም አይጠየቅም። መግቢያው በሥርዓቱ የተፈጸመ ጋብቻ ነው። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎችን ወደ ልጅቷ ወላጆች ይልካል፤ ሁለቱ ወገኖች ይነጋገራሉ፤ ነቀታ የሚባለው የእጮኝነት ሥርዓት ይፈጸማል፤ ቀኑ ሲደርስም ሠርጉ ይደረጋል። ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ እናቷ መርቃ ሲንቄውን ታስጨብጣታለች። ሙሽራዋም በትሩን ይዛ ወደ አዲሱ ቤቷ ትገባለች፤ ዕድሜዋን ሙሉም በክብር ትጠብቀዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የአካባቢው ሴቶች አዲስ ገቢዋን ተሰብስበው አይመርጧትም፤ አይመዝኗትምም። ሀብታም ትሁን ድሃ፣ ቆንጆም ትሁን አትሁን፣ የማን ልጅም ብትሆን፣ በሥርዓቱ ተድራ ሲንቄ ከያዘች እህት ናት። የማኅበሩ ኃይልም ከዚሁ ይመነጫል። ማንም ባለሲንቄ ውጭ ስለማትቀር፣ አንዲቱ ስትጠራ ሁሉም ይወጣሉ።

ባለሲንቄ ሴት ምን ታገኛለች? ምንስ ይጠበቅባታል?

ሲንቄ ለመምቻ የሚነሣ ዱላ አይደለም። የሰላም፣ የበረከትና የክብር ምልክት ነው። በትሩን የያዘች ሴት ወዩ ናት፤ ማለትም ልትደፈር የማይገባት የተከበረች ናት። ወንዶች ተጣልተው ጦር ሲማዘዙ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ይቆማሉ። ያን አልፎ መሄድ ነውር ስለሆነ ጠቡ ይቆማል፤ ጉዳዩም ወደ ሽማግሌ ይመራል። ድርቅ ሲጸና ወይም አካባቢው በችግር ሲያዝ ደግሞ ሴቶች ሲንቄና እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ አቴቴ በተባለው ሥርዓት ዝናብና ሰላም ይለምናሉ። በኢሬቻ በዓል ሲንቄ የያዙ እናቶች ከፊት ሆነው ሕዝቡን ሲመሩ የሚታየውም በዚሁ ክብር ምክንያት ነው።

ግዴታውም ከመብቱ አያንስም። የእህቷን የድረሱልኝ ጩኸት የሰማች ባለሲንቄ የያዘችውን ሥራ ጥላ መውጣት አለባት። ወጡ እሳት ላይ ነበር፣ እርሻው አላለቀም ብሎ መቅረት አይቻልም። ሰምታ የቀረች ሴት በእህቶቿ ዘንድ ትወቀሳለች።

ጩኸቱ ሲሰማ

ባል ሚስቱን ያለ አግባብ ቢደበድብ፣ በተለይም የወለደችና ቀነፋ የተባለውን የአራስነት ምልክት በግንባሯ ያሰረች ሴት ላይ እጁን ቢያነሣ፣ ጥፋቱ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ተበዳይዋ ወይም ጎረቤቷ "ኢያ ሲንቄ" የሚባለውን የጥሪ ጩኸት ታሰማለች። የሰማች ለሌላዋ ታስተላልፋለች። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በበዳዩ ደጅ ይሰበሰባሉ፤ ጥፋቱንም በዜማ እያነሡ ያወግዙታል።

በዳዩ ካልተመለሰ "ጎዳንሳ ሲንቄ" ይከተላል። ሴቶቹ ቤታቸውን፣ ምድጃቸውንና ልጆቻቸውን ትተው በአንድነት ይወጣሉ። ከብት የሚያልብ፣ እህል የሚፈጭና ሕፃን የሚይዝ ሲጠፋ የመንደሩ ኑሮ ይቆማል። ሽማግሌዎች ወጥተው ይለምናሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እንደ አካባቢው ልማድም ከብት ታርዶ ካሳ ይከፈላል። ሴቶቹ የሚመለሱት ጉዳዩ በእርቅ ሲያልቅ ነው።

ይህ አሠራር በአርሲና በጉጂ ዛሬም ጎልቶ ይታያል። በወለጋ ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የገዳ ሥርዓት ሲዳከምና አዳዲስ ሃይማኖቶች ሲስፋፉ፣ ሲንቄም አብሮ ተዳክሞ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስሙ እንደገና እየተነሣ ነው። ከኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት ያደገው ሲንቄ ባንክም መጠሪያውን የወሰደው ከዚሁ የእናቶች በትር ነው።

በአሜሪካ ኮሌጆች ያለው እህትማማችነት

ሴቶች በእህትማማችነት የሚደራጁበት ሌላ መንገድ በአሜሪካ ኮሌጆች ይገኛል። ሶሮሪቲ የሚባሉት የሴት ተማሪዎች ማኅበራት ሥራቸው ከ1851 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፤ በዚያ ዓመት በጆርጂያ ግዛት ሜከን ከተማ በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ የመጀመሪያው ማኅበር ተቋቋመ። በ1908 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ሴት ተማሪዎች የመጀመሪያ ማኅበር የሆነው አልፋ ካፓ አልፋ ተመሠረተ። የቀድሞዋ ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ የዚህ ማኅበር አባል ናቸው።

በብዙዎቹ ማኅበራት አባልነት የሚገኘው በምርጫ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ሲጀመር ተማሪዋ ትመዘገባለች፤ ለተከታታይ ቀናት ከአንዱ ማኅበር ቤት ወደ ሌላው እየሄደች ከነባር አባላት ጋር ትጨዋወታለች። በየዙሩ ማኅበራቱ የሚጋብዟቸውን ይቀንሳሉ፤ እርሷም ምርጫዋን ታጠባለች። በመጨረሻ የሁለቱ ወገን ዝርዝር ተመሳክሮ የተመረጠችው የግብዣ ደብዳቤ ይደርሳታል። ከተቀበለች ለሳምንታት የማኅበሩን ታሪክና ደንብ ትማራለች፤ ከዚያም በሥርዓት ቃል ትገባለች፤ መዋጮም ትከፍላለች። የጥቁሮቹ ማኅበራት በበኩላቸው ከቤት ወደ ቤት በመዞር ፈንታ የትምህርት ውጤት፣ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ ይጠይቃሉ።

ይህ መንገድ ላላገባች ወጣት በር ይከፍታል። ነገር ግን የምትመረጥ እንዳለች ሁሉ የማትመረጥም አለች፤ የመዋጮው ክፍያም የአቅም ጉዳይ ነው። አዲስ ገቢዎችን የማንገላታት ልማድ ጉዳት በማድረሱ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ ተከልክሏል።

በሩ ለማን ክፍት ነው?

የሲንቄም በር ቢሆን ለሁሉም እኩል ክፍት ሆኖ አልኖረም። በሥርዓቱ ያልተዳረች፣ ለምሳሌ በቡቲ ማለትም በጠለፋ የተወሰደች ልጅ፣ ከእናቷ እጅ በትሩን ሳትቀበል ትቀራለች። ጥበቃው ይበልጥ የሚያስፈልጋት ሴት ከጥበቃው ውጭ ትሆናለች ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ የሁለቱንም ተጋቢዎች ፈቃድ ይጠይቃል። ስለሆነም ለልጃቸው ሲንቄ ማስጨበጥ የሚፈልጉ ወላጆች ሕጉንም ባህሉንም በአንድነት መጠበቅ ይችላሉ።

ሌላው ጥያቄ የተማሪዎቹ ነው። ዛሬ ከአርጆ ተነሥታ ወደ ነቀምቴው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ራቅ ወዳለ ክልል የምትሄድ ልጅ የምትወጣው ከሲንቄ በፊት ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሶሮሪቲ የለም። በምትኩ የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤቶች፣ የሴት ተማሪዎች ክበባትና የሃይማኖት ኅብረቶች አሉ። የእነዚህ በር በምርጫ አይዘጋም፤ ልጅቷ ግን በገባችበት ሳምንት ራሷ ፈልጋ መመዝገብ ይኖርባታል። ችግር ሲደርስባት ማንን እንደምትጠራ ሳታውቅ መቆየት የለባትም።

እናት ልጇን ወደ ትምህርት ስትሸኝ የምታስጨብጣት በትር ባይኖራትም፣ የሲንቄን ትምህርት ልታስታጥቃት ትችላለች፦ በሄድሽበት እህት አብጂ፤ ስትጠሪ የሚመጡልሽ አንቺም ስትጠሪ የሄድሽላቸው ናቸው።